ያጠብኩብህ ድምፅ

መርክነህዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃልና እኔም ልማድ ሆኖብኝ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ጽፌ ነበር። ከዚያ ሰረዝኩት፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት እንደማልወድ ስለምታውቅ ሌላ ወረቀት አወጣሁ። እዚህ ያለነው ደህና ነን። ያለነው ማለቴ እኔና ድመቷ ነን።

ልጃችን ቤዛ ሶዶ ሥራ ይዛለች። በየቀኑ ትደውልና «እማ፣ በላሽ?» ትለኛለች፤ በላሁ እላታለሁ። አንዳንዴ እውነቴን ነው። ለአንድ ሰው ምግብ መሥራት እንዴት እንደሚያስጠላ ነግረኸኝ አታውቅም፤ ደግሞ ከየት ታውቀዋለህ፣ አንድ ቀን ብቻህን በልተህ አታውቅም። በፊት የሃላኮ ቅጠል በድስት ሙሉ ቀቅዬ «አነሰ» ትለኝ ነበር። አሁን አንድ እፍኝ እቀቅልና ግማሹን ለጎረቤት ዶሮዎች እሰጣለሁ።

የብየዳ ማሽንህን አብሮህ ይሠራ ለነበረው ልጅ ሰጠሁት። አንተም እንዲህ ታደርግ ነበር ብዬ ነው። የጊቢው በር ግን እንደ ድሮው ይጮሃል። የሴቻን ሰፈር በር ሁሉ ስትሠራ ኖረህ የገዛ በርህን ዘይት ሳትቀባው ሄድክ። እኔም አልቀባሁትም፣ ይጩህ ብዬ ተውኩት። ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ስከፍተው አንተ የመጣህ ይመስለኛል፤ የምገባው ግን እኔ ነኝ።

የምጽፍልህ ስለ በሩ አይደለም። አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ለማንም በደንብ አልነገርኩም፣ ለአንተ ግን መናገር አለብኝ። ስታክህን አጠብኩት።

አትቆጣ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። አንተ ታሪኩን ከእኔ በላይ ብታውቀውም እኔ እንዳየሁት ስማኝ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አንተ ድራም የምትመታበት ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ግምጃ ቤት ሲጸዳ፣ ሁለት የተበላሹ የድራም ሲምባሎች ለቆራሌው ሊሰጡ ደጅ ላይ ተቀምጠው ነበር። ትልቁ ከጠርዙ ገብቶ እስከ መሃል ሊደርስ ምንም ያልቀረው ስንጥቅ ነበረው። ትንሹ ጠርዙ ተጣሟል። አንተ ብብትህ ሥር ይዘሃቸው መጣህ። እኔም በሩ ላይ ቆሜ፣ የእግዚአብሔርን ቤት አጽድታችሁ ቆሻሻውን ወደ እኔ ቤት አመጣችሁት ብዬ ተቀበልኩህ።

አንተ ስንጥቁ የሚያልቅበት ቦታ ላይ በመሰርሰሪያ ትንሽ ቀዳዳ አበጀህ፤ ከዚያ ወዲያ እንዳይሄድ ነው አልከኝ። የትንሹን ጠርዝ ቆርጠህ አለሰለስክ። ከዚያ ትልቁን በማቆሚያው ላይ አስቀመጥክ፣ ትንሹን ገልብጠህ በላዩ ላይ ደፋህበት፣ ከላይ የሚያጠብቃቸውን ዳዶ አሰርክና ቁጭ ብለህ ታየው ጀመር። በስልክህ ላይ የሌላ አገር ድራመሮች እንዲህ ሲያደርጉ አይተሃል። ሁለት ሦስት ሲምባል ይደራርቡና ስታክ ይሉታል፤ ፋብሪካ ተደራርቦ የተሠራም ይሸጣል አልከኝ። እነሱ ከፋብሪካ፣ አንተ ከቆራሌ እጅ።

ለምን እንደፈለግከው የገባኝ ቆይቶ ነው። የአዳራሻችን ጣራ ቆርቆሮ ነው። ሲምባል አንዴ ከተመታ ድምፁ ጣራው ሥር ይዞራል፣ ይዞራል፣ የዘማሪዎቹን ቃል ይሸፍነዋል። አንተ የፈለግከው ተመትቶ ወዲያው ዝም የሚል ነገር ነበር። ሁለቱ ሲምባሎች ተጠጋግተው ስለሚነካኩ አንዱ ሌላውን ያፍነዋል፤ ድምፁ ደረቅ፣ አጭር፣ ትንሽ ሻካራ ይሆናል። ጭሽ ይልና አለቀ። መጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ ሳሎን ውስጥ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ያስነጠስክ መስሎኝ ሳላስበው «ይማርህ» አልኩህ። ስቀህ ስቀህ ወንበሩን ይዘህ ቆምክ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ድራምህ ያስነጥስ ነበር። ያቺ በጋሞኛ የሚዘምሯት ዝግ ያለች መዝሙር ትዝ ትልህ የለም? ሦስተኛው ስንኝ ሲያልቅ ሁሉም ዝም ይላል፣ አንድ ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ጭሽ ታደርጋለህ፣ ሁሉም ይገባል። እኔ ሦስተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል ነኝ። ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሼ «ይማርህ» እላለሁ። አንተ ወደኔ ትመለከትና የግራ ቅንድብህን ታነሳለህ። ያን ጊዜ ባለትዳር ሳልሆን ገና የታጨሁ ልጅ እሆናለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴቶች ግን በመዝሙሩ ተነክቼ ፈገግ ያልኩ ይመስላቸው ነበር። እግዚአብሔር እውነቱን ያውቃል፣ የታዘበንም አይመስለኝም።

አንተ ስትመታ ቤዛ በስልኳ የቀዳችውን ልካልኝ ነበር። ሰላሳ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ድምፅህ፣ ሳልህ፣ የድራም ዱላዎችህን ስታጋጭ፣ ሁሉም አለ። ስታኩ ጋ ሲደርስ ግን ስልኩ አይችለውም፤ ውሃ እንደተደፋ ፍሽ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ያ ድምፅ ያለው በሁለቱ ብረቶች ውስጥ ብቻ ነበር። ከቀብሩ ማግስት ከዱላዎችህ ጋር አምጥተውልኝ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጬው ነበር። ዓመት ሙሉ አልነካሁትም፣ ማየቱ ይበቃኝ ነበር።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ የኳየሩ መሪ ወንድም ታምሩ ቤት መጣ። ለእሑድ የምስጋና ፕሮግራም አዘጋጅተዋል፣ ያቺን መዝሙር ሊዘምሩልህ ነው። «እህት አስቴር፣ አዲሱ ድራም ሁሉ ነገር አለው፣ ስታክ ብቻ የለውም። ያንን ያምጡልን» አለኝ። ደስ አለኝ። ሌላ ሰው ቢመታውም ድምፁ ያንተው ነው፤ ከዓመት በኋላ ልታስነጥስ ነው ብዬ እንደ ልጅ ቀን ቆጠርኩ።

ቅዳሜ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩት። አየሁት። አቧራው አለ፣ የጣቶችህ ቅባት ጠቁሮ አለ፣ ጠርዙ አካባቢ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። እኔ ደግሞ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ። ሃያ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ፣ የፋይሎቹን ጀርባ ሳይቀር በእርጥብ ጨርቅ የምወለውል ሴት ነኝ። ከትውልድ መንደርህ ከኦቾሎ ዘመዶችህ ይመጣሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ያያል። የባሏን ዕቃ እንዲህ አቆሽሻ ይዛ መጣች ልባል ነው?

ዳዶውን ፈታሁ። ከጎረቤት አመድ አመጣሁ፣ ከኩልፎ ወንዝ ማዶ የሚመጣውን ሎሚ ሰባት ጨመቅኩ፣ ጊቢው ውስጥ ተቀምጬ ፈተግኳቸው። ሲለያዩ በመሃላቸው አንድ ጨርቅ ተጣብቆ ነበር፤ ጥቁር፣ ቅባት የጠጣ፣ ክብ ነገር። አላቅቄ ሳነሳው ጫፉ ላይ አንድ ቀይ ክር አየሁ። አይቼዋለሁ መርክነህ፣ አላየሁም አልልህም። ግን በእጄ ያለው ለእኔ ቆሻሻ ነበር። ከሙዝ ቅጠሉ ጋር የቆሻሻ ጉድጓዱ ውስጥ ጨምሬ ለኮስኩት።

እሑድ ሁለቱም ወርቅ መስለው ገቡ። ሰው ሁሉ አደነቀ። እኔም ኮራሁ፣ ልዋሽህ አልችልም። መዝሙሩ ተጀመረ፣ ሦስተኛው ስንኝ አለቀ፣ አዳራሹ ዝም አለ። ከንፈሬን አዘጋጅቼ ነበር። አዲሱ ድራመር መታው።

የድስት ክዳን ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ይመስል ተንጫጫ። ጫጫጫ ብሎ አላልቅ አለ፣ ልጁ ደንግጦ በእጁ ያዘው። ኳየሩ ገባ፣ መዝሙሩ ቀጠለ፣ ከእኔና ከታምሩ በቀር ማንም ልብ ያለ አልመሰለኝም። ታምሩ ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው መሬት መሬቱን አየ። አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ባለፈው ዓመት ስትሞትብኝ ቢያንስ በሽታው ነው የወሰደህ። ይኼኛውን በሎሚ አጥቤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰው ለአንተ ያለቀስኩ መስሎት ያጽናናኝ ነበር፣ እኔ ግን በራሴ ተናድጄ ነበር የማለቅሰው።

ድራመሩ ጨዋ ልጅ ነው። ከፕሮግራሙ በኋላ ቀስ ብሎ መጥቶ «እትዬ፣ መሃሉ ላይ የሆነ ነገር አልነበረም? ሁለቱ በጣም ተነካክተዋል» አለኝ። ቆሻሻ ነበር አልኩት። እኔም ስታኩን ከነማቆሚያው ይዤ በባጃጅ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁለት ወር ብታየው ትስቅብኝ ነበር። በየምሳ ሰዓቱ ከቢሮ እየመጣሁ ሳሎን ውስጥ ስታክ እሠራለሁ። የወለል መወልወያ ቆርጬ አስገባሁ፣ ታፈነ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አስገባሁ፣ ጭራሽ ድምፁ ጠፋ። የብስክሌት ጎማ ቁራጭ፣ የአሮጌ ባርኔጣ ክፈፍ፣ የቤዛ የልጅነት ካልሲ፣ ያልሞከርኩት የለም። ዳዶውን አጠብቃለሁ፣ አላላለሁ፣ በዱላህ እመታለሁ። ድመቷ ተሰዳ ጣራ ላይ መኖር ጀመረች። ጎረቤታችን በአጥሩ በላይ ብቅ ብላ «አስቴር፣ ሰላም ነው?» አለችኝ። ሰላም ነው፣ ድራም እየተማርኩ ነው አልኳት። አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ከሰዓት ገንፎ ይዛልኝ መጣች።

አንድ ቀን ግን የምር ደከመኝ። ዱላህን ይዤ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና አየር መታሁ። ቤቱ ምን ያህል ዝም እንዳለ ያን ቀን ሰማሁት። ስትኖር በጣትህ ጠረጴዛውን፣ ሳህኑን፣ ጉልበቴን ሳይቀር ትመታ ነበር፤ «በእግዚአብሔር አንድ ደቂቃ ዝም በል» እልህ ነበር። ይኸው ዝም አልክ። ያልኩትን ሁሉ ይቅር በለኝ።

ባለፈው ሳምንት ኦቾሎ ወጣሁ፣ አባባን ለማየት። መኪናው ከጣለኝ በኋላ ዳገቱን አራት ጊዜ አርፌ ነው የጨረስኩት። ዞር ባልኩ ቁጥር አባያ ሐይቅ ከታች ቀልቶ ይታየኛል። አባትህ ደህና ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ እግራቸው ግን አሁንም የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ መርገጫውን ይረግጣሉ፣ መወርወሪያውን ይወረውራሉ። ድራም ማን አስተማረህ ሲሉህ «አባቴ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ» የምትለው ቀልድ አይደለም፤ እግራቸውን እያየሁ ያንተን እግር አየሁ። ብቅ ስል እንደ ወትሯቸው በዚያ አማርኛቸው «ልጄ፣ መጣህ?» አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድ አድርገው ነው የሚያናግሩኝ፣ አልታረሙም፣ እኔም እንዲታረሙ አልፈልግም።

ለእሳቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። አመዱን፣ ሎሚውን፣ ያቺን ጥቁር ጨርቅና ቀይ ክሯን። ሳቁ። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። የልጃቸውን ዕቃ አበላሽቼ እያለቀስኩ ሰው እንዴት ይስቃል ብዬ ቅር አለኝ። ከዚያ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው «ያ ቡሉኮ የታል? አይጥ በላው ያልከው?» አሉኝ።

መርክነህ፣ አንተ ሰው!

ለሠርጋችን አባትህ የሸመኑልን ቡሉኮ፣ ዳርና ዳሩ ቀይ ጥለት ያለው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት አንዱ ጥግ ተበልቶ አገኘሁት። ቤቱን በአንድ እግሩ አቆምኩት። አልጋውን አስወጣሁ፣ ቁም ሳጥኑን አስጎተትኩህ፣ ወጥመድ ገዝቼ አስጠመድኩህ። አንተ ላብህ እየተንጠፈጠፈ ፊትህን ኮስተር አድርገህ «ትልቅ አይጥ መሆን አለበት» ትለኝ ነበር። አንድም አይጥ አልተያዘም። ከዚያ ድመት አመጣሁ። ስሟን አንተ አወጣህላት፣ ምስክር አልካት። ለምን ስልህ «አንድ ቀን ትመሰክራለች» አልከኝ። ዘጠኝ ዓመት አብራኝ የኖረች ድመት ባልሠሩት ወንጀል ለተከሰሱ አይጦች ነው ለካ ቤቴ የገባችው።

አባባ ሁሉንም ያውቁ ነበር። በዚያን ጊዜ ኦቾሎ ወጥተህ በሁለቱ ሲምባሎች መካከል የሚገባ ጨርቅ እንዲሰጡህ ጠይቀሃቸዋል። ከመሸመኛው ላይ አዲስ ቁራጭ ሰጡህ፤ ሞክረህ መለስከው፣ ጨርቁ ገና ግትር ነው አልካቸው። ሌላ ጊዜ ስትመጣ አገኘሁ ብለህ ነገርካቸው፣ ከየት እንዳገኘኸውም ነገርካቸው፣ ለእኔ እንዳይነግሩም አስማልካቸው። እሳቸውም እስካለፈው ሳምንት ጠበቁልህ። አዲስ ልሽመንልህ አሉኝ። ከዚያ መልሰው ራሳቸውን ነቀነቁና «አዲስ አይሆንም። ያ ሁለት ሰው አሥራ ሦስት ዓመት የተኛበት ነበር» አሉኝ።

ቤት ተመልሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አሁን የምነግርህን ቤዛም አታውቅም። ያን ቡሉኮ ካንተ ወዲህ አላጠብኩትም። መጋረጃ በየሁለት ሳምንቱ የማጥብ ሴት፣ የሰው ቤት ገብቼ ብርጭቆ አጥቤ የምወጣ ሴት፣ ዓመት ከሁለት ወር አንድ ቡሉኮ አላጠብኩም። የብየዳ ጭስና የላብህ ሽታ አለበት። እፊቴ ላይ አድርጌው ነው የምተኛው። ድምፅህን ለመመለስ ግን መቀስ ማንሳት ነበረብኝ።

ሳምንት ሙሉ አላነሳሁም። አውጥቼ አየዋለሁ፣ አሸተዋለሁ፣ መልሼ አጥፈዋለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከጥቂት ወራት ወዲህ ሳሸተው አንተ ትሁን እኔ መለየት አቅቶኛል። የአንተ እየሳሳ የእኔ እየበዛ ሄዷል። ይህን ለራሴ ማመን ነው ከመቁረጡ በላይ ያስቸገረኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ቡሉኮውን መስኮቱ ሥር ዘረጋሁት። አንተ የቆረጥክበትን ጥግ አየሁት፤ ያኔ በደንብ አይቼው ቢሆን ኖሮ የአይጥ ጥርስ እንዲህ ቀጥ ብሎ እንደማይቆርጥ ይገባኝ ነበር። ከአጠገቡ፣ ቀዩ ጥለት እንዲነካው አድርጌ፣ የሻይ ብርጭቆ ደፍቼ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አሰመርኩ። ቆረጥኩት። መሃሉን ቀደድኩት፣ ማቆሚያው ላይ አሳለፍኩት፣ ትንሹን ሲምባል ገልብጬ ደፋሁበት።

የዳዶው ነገር ቀረኝ። ስንት ጊዜ ከሦስተኛው ረድፍ ሳይህ እንደነበር አሰብኩ። ፕሮግራም ሳይጀመር እስኪቆም ድረስ ታጠብቀዋለህ። ከዚያ ዱላህን ብብትህ ሥር ሸጉጠህ በአውራ ጣትህ ትንሽ ትመልሰዋለህ፣ እምብዛም ሳይሆን፣ የጥፍር ያህል። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። መታሁት፣ ታፈነ። ትንሽ መለስኩት። መታሁት፣ ገና ነው። አንድ ጥፍር ያህል ደግሞ መለስኩትና መታሁት።

ጭሽ።

«ይማርህ» አልኩ። ከዚያ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ድምፄን አውጥቼ ስለው ገና ዛሬ ነው። ብዬም ቀና አልኩ፣ ቅንድብህን ልፈልግ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነበር። ምስክር ከጣራ ወርዳ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ከቀብርህ ወዲህ እንደዚህ አልቅሼ አላውቅም። ሙሉ በሙሉ ያው ነው ብዬ አላታልልህም። ትንሽ ይወፍራል፣ ጨርቁ ገና ሲምባሎቹ መሃል አልተረገጠም። ግን ያንተ ነው። የትም ብሰማው አውቀዋለሁ።

ቤት ላስቀረው አስቤ ነበር። የማንም እጅ ከሚነካው፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ይቀመጥና ሲከፋኝ እያወረድኩ እመታዋለሁ አልኩ። እንዲያውም ሁለተኛ መታሁት፣ ሦስተኛም። አልሆነም። ራሴ መትቼ ለራሴ ይማርህ ማለት አልቻልኩም። ያ ነገር ከሌላ ሰው እጅ ሳላስበው መምጣት አለበት፣ እኔ ደግሞ ቦታዬ ላይ መቀመጥ አለብኝ።

ስለዚህ ነገ ይዤው እሄዳለሁ። ዳዶው የቆመበትን ቦታ በቤዛ ቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። ከቢሮ ካርቶን ቆርጬ፣ በዚያ አንተ «የመዝገብ ቤት ፊደል» በምትለው ጽሕፈቴ ጽፌ፣ ማቆሚያው ላይ በክር አሥሬለታለሁ። ታምሩ ሲያነበው ምን እንደሚል እንጃ። ድራመሩ ግን ይገባዋል። «ቤታችን ውስጥ ያልታጠበ የቀረው ጣራው ብቻ ነው» እያልክ ስታሾፍብኝ የኖርከው ሰውዬ፣ ካርቶኑ ላይ የጻፍኩትን ብታይ ምን ትል ነበር? «አይፈታ። አይታጠብ።» ነው የሚለው።

ቡሉኮው ጥጉ ይበልጥ ጎዶሎ ሆኗል። ዛሬም እለብሰዋለሁ፣ አንድ ቀን ሽታህ ጨርሶ ሲጠፋ ምናልባት አጥበዋለሁ። የጊቢውን በር ዘይት አልቀባውም። አባባን በየወሩ አያቸዋለሁ፣ «መጣህ?» ይሉኛል፣ መጣሁ እላቸዋለሁ። ነገ ደግሞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ነኝ። ስንኙ ያልቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል። ስታክህ ባስነጠሰ ቁጥር፣ ነገም፣ ከዚያ ወዲያ ባለው እሑድም፣ ጆሮዬ እስከሰማ ድረስ፣ ቅንድቡን የሚያነሳልኝ ባይኖርም ይማርህ እልሃለሁ።

ያንተው አስቴር